ከውስጥ የተዘጋው ጉድጓድ

ሌባው ይያዝ ተብሎ እርግማን በተነበበ በሦስተኛው ቀን፣ አንዲት ሴት እግሯ እንደ ዱባ አብጦ እያነከሰች ወደ መንደር ብትገባ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እውነቱን ተናገሩ። «ምስኪን፣ ምን አገኛት?» አትሉም። ጂዌኒ የተባለው መንደር ያለውን ነው የምትሉት፤ ጂዌኒ ያለው ደግሞ «ያዛት» ነው።

ተያዘች የተባለችው ቢ ካዚጃ፣ ማለትም እሜቴ ካዚጃ፣ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ሲሆን አርባውን የኖረችው ኮራል በሚባለው የባሕር ዓለት ላይ ስትራመድ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ጨርሳ ስትጠፋ ባሕሩ ከወትሮው ርቆ ይሸሻል። ያን ጊዜ የጂዌኒ ሴቶች ካንጋ የተባለውን ሽርጣቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ ያደርጉና ባልዲና ጫፉ የሾለ ብረት ይዘው ከውሃ የወጣውን የኮራል ሜዳ ይወርሩታል። የሚፈልጉት ኦክቶፐስ ነው። ኦክቶፐስ የሚኖረው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ አንዱ ተወግቶ ሲወጣ ሌላው መጥቶ እዚያው ይገባል። ስለዚህ ጥሩ ጉድጓድ የምታውቅ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ አትራብም።

ካዚጃ አሥራ አንድ ጉድጓድ አላት፤ ሁሉንም የወረሰችው ከእናቷ ነው። እናቷ ያሳየቻት ማንም በሌለበት፣ በጣቷ እንኳ ሳትጠቁም፣ አጠገቡ ስትደርስ እርምጃዋን ቀነስ እያደረገች ብቻ ነበር። የጂዌኒ ሴት ባሏን ለሁለተኛ ሚስት ታካፍላለች፤ ጉድጓዷን ግን ለእህቷም አታሳይም።

ከአራት ዓመት በፊት ከከተማ የመጡት የፕሮጀክት ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር። ትልቅ ካርታ ዘረጉና እያንዳንዷ ሴት ጉድጓዶቿን በነጥብ እንድታመለክት ጠየቁ። ሴቶቹም እሺ ብለው አመለከቱ። ሰባ ሦስት ነጥብ ተመዘገበ፤ ከሰባ ሦስቱ አንዱ እንኳ እውነት አልነበረም። የካዚጃ ወንድም ሚስት ዙዌና አንዱን ነጥብ መስጊዱ ላይ ልታሳርፈው ትንሽ ነበር የቀራት። ካርታው በመስታወት ተለብጦ ቢሮው ውስጥ ተሰቀለ፤ እስከ ዛሬም እንግዳ ሲመጣ የሚጎበኘው እሱ ነው።

ሰዎቹ ያመጡት ሐሳብ ግን የሚናቅ አልነበረም። የኮራሉን የምሥራቅ ክፍል ለሦስት ወር ዝጉት አሉ፤ ኦክቶፐስ ቶሎ ያድጋል፣ ኮራሉም ከብረትና ከእግር ያርፋል። መንደሩ አጉረመረመ፣ ተከራከረ፣ በመጨረሻ ዘጋው። በተከፈተበት ቀን ባልዲ አልበቃም፤ ሴቶች በካንጋቸው ቋጥረው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ጠባቂ ተመደበ፣ ሕግ ወጣ፦ ክፍሉ ተዘግቶ ሳለ ገብቶ የወጋ ሰው ለአንድ ዓመት ኮራል አይረግጥም። ባሏ መረብ ከመጠገን ያለፈ ጉልበት ለሌለው ለካዚጃ አንድ ዓመት ከኮራል መታገድ ማለት የዓመት ረሃብ ማለት ነው።

ዘንድሮ ሦስቱ ወር ሲሞላ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ሲማይ ከከተማ ደወለ። ሥራውን የሚደግፉ ትልቅ ሰው ከባሕር ማዶ ስለሚመጡ መክፈቻው እሳቸው ባሉበት እንዲሆን ለትንሽ ጊዜ ይቆይ አለ። ትንሹ ጊዜ አንድ ወር ከግማሽ ሆነ። ካዚጃ በስብሰባ ተነስታ ቀኑ ያለፈው ለምንድነው ብላ ጠየቀች። ሲማይ ፈገግ ብሎ፣ እናቴ፣ ፍየል ብዙ በተቀለበ ቁጥር የሚከሳበት አገር ያውቃሉ እንዴ ሲል መለሰላት። ሰው ሳቀ። እሷም ተቀመጠች። መልሱ ግን አልተዋጠላትም።

ያልተዋጠላት ነገር ነው ጣጣውን ያመጣባት። አንድ ማለዳ ብረቷን ቤት ትታ፣ ባልዲም ሳትይዝ፣ ጠባቂው ሻይ ሊጠጣ ዞር ባለበት ሰዓት ወደተዘጋው ክፍል ገባች። ከጉድጓዶቿ አንዱ ጋ ጎንበስ አለች። የጉድጓዱ አፍ በድንጋይና በዛጎል ስብርባሪ ተገጥግጧል። በቀረችው ስንጥቅ ስታይ ውስጥ አንዲት ትልቅ ኦክቶፐስ አለች፤ ነጥታለች፣ ቆዳዋ ላልቷል። ካዚጃ ትንሽ ሸርጣን ይዛ በስንጥቁ አሾለከችላት። ኦክቶፐሷ አልነካችውም። ከጣራው ላይ ሩዝ የተሰካበት የሚመስል ነጭ ክር ብዙ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ካዚጃ በአርባ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ሁለቴ ብቻ ነው ያየችው። ታምማለች ብላ አሰበችና ወጣች። ስትወጣ ባሕር ዳር የቆመችውን ዙዌናን አላየቻትም፤ ዙዌና ግን አይታታለች።

የመክፈቻው ቀን ድንኳን ተተከለ፣ ከበሮ ተመታ፣ እንግዳውም ካሜራ ካነገቱ ሰዎች ጋር መጡ። መቶ የሚጠጉ ሴቶች እየዘፈኑ ገቡ። አንዳቸውም ግን ወደ ራሷ ጉድጓድ አልሄደችም። ካሜራ ከኋላዋ እየተከተለ፣ የጎረቤት ዓይን እየጠበቃት እንዴት ትሄዳለች? ድሮም በመክፈቻ ቀን ሁሉም የሚወጋው ሁሉም የሚያውቃቸውን ጉድጓዶች ነው፤ የግሉ ለማግስቱ ይቆያል። በፊት የጋራው ብቻውን ይበቃ ነበር። ዘንድሮ መቶ ሴቶች ሁለት ሰዓት ሙሉ ተርመስምሰው አሥራ ዘጠኝ ኦክቶፐስ ይዘው ወጡ፤ ትልቁ ጡጫ ያክላል።

እንግዳው በትሕትና አጨበጨቡ። ሲማይ ላቡን ጠረገ። ድንኳኑ ሳይነቀል ኮሚቴው ተሰበሰበና፣ የተሰረቀ ነገር አለ፣ ሌባው እስኪገኝ ድረስ ክፍሉ ተመልሶ ይዘጋል ብሎ ወሰነ። ማግስቱ የሚባለው ቀን ቀረ። የግል ጉድጓዱን ያየ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ጂዌኒ ሌላ መንደር ሆነ። መጀመሪያ የተጠረጠሩት የመጥለቂያ መነጽር ያላቸው የማዶው መንደር ወንዶች ናቸው፤ ቀጥሎ ጠባቂዎቹ፤ ከዚያ ሁሉም ሁሉንም። ሴቶች በጎረቤት ጓሮ ሲያልፉ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው የድስቱን ሽታ ይለዩ ጀመር። አንዷ አዲስ ካንጋ ለብሳ ብትወጣ ከየት አመጣችው ተባለ። የደረቀ ኦክቶፐስ ጣራ ላይ የተሰጣላት አሮጊት፣ ከአምናው የተረፈ መሆኑን በመሐላ አረጋግጣ እንኳ የሚያምናት አላገኘችም። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ክፍሉ ሌባ እስኪገኝ ዝግ ነው ተብሏል፤ ስለዚህ ሌባ መገኘት ነበረበት። ሰውን እንዲህ አስርበህ ፍረድ ካልከው የሚፈርደው በቅርብ ባገኘው ላይ ነው።

ዙዌና ያየችውን ተናገረች። ሸሃ ማቻኖ፣ የመንደሩ አስተዳዳሪ፣ ካዚጃን አስጠራት። ገብተሻል ወይ ሲላት ገብቻለሁ አለች። ወግተሻል ወይ ሲላት አልወጋሁም፣ ብረትም አልያዝኩም አለች። ታዲያ ምን ልታይ ገባሽ ሲላት ዝም አለች። ጉድጓዴን ካለች የትኛውን መባሉ አይቀርም።

«ኮራሉን» አለች በመጨረሻ።

«አርባ ዓመት ስታይው ኖረሽ ናፈቀሽ?» አለ ከኮሚቴው አንዱ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ።

ሸሃው ጥንቁቅ ሰው ስለሆነ ያለማስረጃ አልቀጣም አለ። የመስጊዱ መምህር ማአሊም ፓንዱ ሃልባዲሪ ያንብብ ተባለ። ይህ የበድር ሰማዕታትን ስም እየጠሩ ያልታወቀ ሌባን ለፈጣሪ አሳልፎ የሚሰጡበት ንባብ ነው፤ ከዚያ በኋላ የታመመ፣ የወደቀ፣ የተሰበረ ሰው ካለ ሌባው እሱ ነው። ዓርብ ከሶላት በኋላ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ተነበበ። ሕዝቡ አሚን አለ። ሲማይም ከከተማ መጥቶ ከፊት ተቀምጦ ነበርና አሚን አለ። የካዚጃ አሚን ከሁሉም ጎልቶ ተሰማ።

በሦስተኛው ቀን፣ በክፍቱ በኩል ስትሠራ፣ ድንጋይ መሳይ ዓሣ ረገጠች። ይህ ዓሣ ጀርባው ላይ መርዛም እሾህ አለው፤ የረገጠውን ሁሉ ይወጋል፣ ሌባና ጻድቅ አይለይም። ሁለት ሴቶች አጠገቧ ነበሩ፤ ስትጮህ ሰምተዋል። ደግፈው አላወጧትም። በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች ባሕር ዳር ደረሰች፤ ከዚያ ብረቷን ተመርኩዛ መንደር ገባች።

ባሏ ምቻ እግሯን በሙቅ ውሃ ነከረላት፤ ሌሊቱን ሁሉ ውሃ ሲያሞቅ አደረ። ሲነጋ፣ ውሃውን እየቀየረ፣ ቀና ብሎ ሳያያት ጠየቃት።

«ካዚጃ፣ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ።»

ከመርዙ የባሰው ይህ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው። አልመለሰችለትም። እግሯን ከውሃው አውጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እሱም ዝምታዋን እንደ መልስ ወሰደው መሰል ባልዲውን ይዞ ወጣ።

ለአሥር ቀን ማንም አልጠየቃትም። በጂዌኒ የታመመ ሰው ቤት በር ተዘግቶ አያውቅም፤ የእሷ በር ግን ቢከፈትም የሚገባበት አልነበረም። ሸሃው ቀጣዩ ትልቅ የባሕር ሽሽት ሲደርስ ውሳኔ ይሰጣል ተባለ።

በአሥራ አንደኛው ቀን የገባችው ናይማ ናት። ናይማ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች፣ ኦክቶፐስ እየመዘነች መዝገብ የምትሞላ የፕሮጀክቱ ተመራማሪ ናት። ካሳቫ በኮኮናት የተሠራ ይዛ መጣች። ካዚጃ ሳህኑን አየችው፣ ልጅቷን አየቻት፤ ማን ላካት ብላ አሰበች።

ናይማ ሰርቀዋል ወይ ብላ አልጠየቀችም። ያን ቀን ውስጥ ገብተው ምን አዩ ነው ያለቻት።

«ጉድጓዴን ለካርታሽ ፈልገሽው ከሆነ ምግብሽን ይዘሽ ሂጂ።»

«ካርታው ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቢ ካዚጃ። ሰባ ሦስቱንም ነጥቦች ጠልቄ አይቻቸዋለሁ። ሃያ ስምንቱ አሸዋ ናቸው፤ አንዱ የጀልባ መልሕቅ ነው።»

ካዚጃ ሳታስበው ሳቀች። ከአሥር ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ፣ ቦታውን ሳትናገር፣ ያየችውን ነገረቻት፤ የተገጠገጠውን አፍ፣ የነጣችውን ኦክቶፐስ፣ ያልተነካውን ሸርጣን፣ ሩዝ መሳዩን ክር።

ናይማ ጭንቅላቷን ያዘች። ቀስ ብላ አስረዳቻት። ያ ክር እንቁላል ነው። ሴቷ ኦክቶፐስ በሕይወቷ አንዴ ብቻ ትጥላለች፤ ከጣለች በኋላ በሯን በድንጋይ ትዘጋለች፣ አትበላም፣ እንቁላሉን እየጠበቀች ትከሳለች፣ ሲፈለፈል ትሞታለች። ወንዱም ከዚያ በኋላ ብዙ አይቆይም። ሦስት ወር የተባለው በዘፈቀደ አይደለም፤ ትልልቆቹ እንቁላል ከመጣላቸው በፊት እንዲያዙ ተሰልቶ ነው። አንድ ወር ከግማሽ ሲጨመርበት ሁሉም ጣሉ፣ ሁሉም ሞቱ። የተሰረቀ ኦክቶፐስ የለም።

 ካዚጃ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሊራዘም ነው ሲባል ለሲማይ ጽፌለት ነበር። የእንግዳው ቀን ተቆርጧል፣ አይነካም አለኝ።»

«እኔ ሌባ ስባል ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እርግማኑ ሲነበብስ?»

ናይማ አለቀሰች። የሥራ ውሌ በሰኔ ያልቃል፣ ሲማይ ካልፈረመ አይታደስም አለች። ካዚጃ አላባበለቻትም። ለምንስ ታባብላት? የተማረ ሰው የሚያውቀውን ዋጥ አድርጎ ሲቀመጥ የማያውቀው ሰው ነው የሚከፍለው። የፍርዱ ቀን ከፈለግሽ ነይ፣ ካልፈለግሽ ቅሪ፣ ለሲማይ የጻፍሽውን ወረቀት ግን ያዢው አለቻትና ሳህኑን መለሰችላት። ምግቡን አስቀርታለች።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ካዚጃ ማሰብ ያዘች። የናይማ ቃል ብቻውን ምንም አያደርግም፤ የከተማ ሰው ወረቀት ሌላ የከተማ ሰው በወረቀት ያፈርሰዋል። የጂዌኒ ሴት የምታምነው ጉድጓድን ነው። ሌባ ብረቱን ሲሰድ በር ላይ የተደረደረውን ድንጋይ መበተን አለበት። ድንጋዩ ሳይነካ ውስጡ ባዶ ከሆነ፣ የሞተችውን በስንጥቁ የገባ ትንሽ ሸርጣን ጨርሷታል እንጂ ሰው አልገባም ማለት ነው። ይህን ለማሳየት ግን እናቷ በጣት እንኳ ያልጠቆመችውን ቦታ በመንደሩ ሁሉ ፊት መጠቆም ሊኖርባት ነው። ከነገ ጀምሮ የማንም ብረት የሚገባበት ጉድጓድ ይሆናል። ሁለት ቀን ታገለችው። ስሟን ካጣች ጉድጓዱ ምን ይሠራላታል? በሦስተኛው ቀን ሸሃው ዘንድ ሄዳ በፍርዱ ቀን ጉድጓዶቿን ራሷ እንደምታሳይ ነገረችው።

የፍርዱ ቀን ባሕሩ ርቆ ሸሸ። ሸሃው፣ ማአሊም ፓንዱ፣ ኮሚቴውና ሃምሳ የሚሆኑ ሴቶች እያነከሰች ከምትመራቸው ካዚጃ ኋላ ወደተዘጋው ክፍል ገቡ። ሲማይ የከተማ ጫማውን እያዳነ ከመጨረሻ ይመጣል። ናይማም አለች፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ምቻ የሚስቱን ክንድ ሊይዝ ሞክሮ ነበር፤ አልፈቀደችለትም።

ካዚጃ ቆመች። በጣቷ ጠቆመች። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች፤ የሰው ገመና የምታይ ያህል ከብዷት።

«የእናቴ ጉድጓድ ነው» አለች ካዚጃ። «ድንጋዩን እዩት። ብረት ነክቶት እንደሆነ ማንኛዋም ሴት ትመስክር።»

ሁለት አሮጊቶች ጎንበስ ብለው ዳሰሱ። ድንጋዮቹ ከውስጥ ተስበው እርስ በርስ ተነካክሰዋል፤ ስንጥቆቻቸው ላይ ቀጭን አረንጓዴ ለምልሟል። አልተነካም አሉ። ሸሃው ራሱ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ከጣራው የረገፈ ነጭ ክር ብቻ ቀርቷል። ካዚጃ ወደ ሁለተኛው ወሰደቻቸው። ያው ነው። ወደ ሦስተኛው። ያው ነው። 

ዙዌና ከመሐል ጠፍታ ነበር። ራቅ ብላ በአንድ የኮራል ጉብታ ሥር ተንበርክካለች፤ ሁሉም ሲያያት አልተነሳችም። ቆይታ ድንጋይ በእጇ ይዛ መጣች።

«የእኔም ዝግ ነው» አለች፣ ሁሉም ጉድጓዷን እንዳየ እያወቀች። «ውስጡ ባዶ ነው። ዊፊ፣ የባሌ እህት፣ እኔ ነኝ የበደልኩሽ።»

ካዚጃ የወንድሟን ሚስት አየቻት። ይቅርታውን ለሌላ ቀን አስቀመጠችው። ሴቶቹ ግን ተበታትነው ነበር፤ እያንዳንዷ ወደ ራሷ ጉድጓድ፣ ከዚህ ወዲህ ምሥጢር ወደማይሆን ጉድጓድ፣ ሄደች። ከየአቅጣጫው የሚሰማው አንድ ቃል ነበር፦ ዝግ፣ ባዶ።

ማአሊም ፓንዱ ጢሙን እየዳሰሰ፣ ታዲያ በማን ላይ ነው ያነበብነው አለ። 

ሲማይ ጉሮሮውን ጠራረገ። የባሕሩ ሙቀት ዘንድሮ ከፍ ማለቱን፣ ይህ በዓለም ደረጃ የሚጠና ጉዳይ መሆኑን፣ ቢሮው ሪፖርት አዘጋጅቶ በጊዜው እንደሚያሳውቅ ተናገረ። ሲናገር ናይማን አላያትም። ናይማ ቦርሳዋን ከፈተች። አንድ ወረቀት አውጥታ ለሸሃው ሰጠችው። ሸሃው መነጽሩን አድርጎ ከላይ ያለውን ቀን አነበበ፤ ቀጥሎ ያለውን አነበበ፤ ከዚያ ተመልሶ ቀኑን አነበበ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሲማይን ተመለከተው።

ሲማይ፣ ይህ የቢሮ የውስጥ ጉዳይ ነው፣ ቢሮ ስንገባ እንነጋገርበታለን አለ። ዞረና ወደ ባሕር ዳሩ መራመድ ጀመረ።

ባሕሩ መመለስ ጀምሯል፤ ቀጭን ውሃ በኮራሉ መሐል እየተሳበ የሰዉን ቁርጭምጭሚት ነክቷል። ካዚጃ ባበጠ እግሯ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ከፊቱ ቆመች። ሴቶቹም መጥተው ከኋላዋ ቆሙ፤ ማንም አልጠራቸውም።

«ቢሮ አንገባም። እኔ ሌባ የተባልኩት ቢሮ ውስጥ አይደለም፤ መስጊድ ግቢ ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት ነው። አንተም በሕዝብ ፊት ትናገራለህ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ይቆይ ያለው ማነው? የልጅቷን ደብዳቤ አንብቦ ዝም ያለው ማነው? ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ነው፣ ሲማይ፤ እዚሁ ቁምና መልስ።»